የትኛውን ተውኔት እናንብብ? የትኛውን መድረክ ላይ እናውጣ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

"የምናዘጋጀው ቲያትር ጠቁመን" የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይደርሰኛል። ከትምህርት ቤት የኪነት ክበብ ይመጣል፣ ከሰፈር ወጣቶች ይመጣል፣ ባህር ማዶ ካሉ ማኅበሮችም ይመጣል። አንዳንዱ ማዘጋጀት ሳይሆን ማንበብ ብቻ ነው የሚፈልገው። እሱ ሲመጣ በጣም ደስ ይለኛል፤ ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ብዙ አውቃለሁ፣ ተውኔት አንባቢ ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

ከታች ያሉት ደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው። መልሱ የራሴ ምርጫ ነው፤ ሌላ ሰው ሌላ ሊላችሁ ይችላል። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበላችሁ። ተውኔት የሚመረጠው በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው። ጮክ ብላችሁ ሳታነቡት "ይሄ ይሁን" አትበሉ።

ተውኔት አንብቤ አላውቅም። በአንዱ ልጀምር ብል የቱን ትላለህ?

የመንግሥቱ ለማን "ያላቻ ጋብቻ"። ሳላቅማማ።

ታሪኩ ቀላል ነው። ውጭ ሀገር ተምሮ የመጣ የትልቅ ቤተሰብ ልጅ አለ። ሹመትና ድሎት ሲጠብቀው ገጠር ይገባል። ዘመዶቹ ከአቻው ሊያጋቡት ይፈልጋሉ። እሱ ደግሞ ቤቱ ውስጥ የምትሠራውን ልጅ ላግባ ብሎ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ የሚሆነው ሰዎች ሲያወሩ ነው። ጦርነት የለም፣ ሞት የለም። ወሬ፣ ክርክር፣ ልመና፣ ግልምጫ ነው።

መንግሥቱ ለማ የቤተ ክህነቱ ሊቅ የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ ነው። ቅኔ ያውቃል። ከዚያ ለንደን ሄዶ ዘመናዊ ትምህርት ተምሯል። ሁለቱም ዓለም ገጸ ባሕርያቱ አፍ ውስጥ ይሰማል። የሽማግሌው አማርኛ ከተማሪው አማርኛ ይለያል። የተናጋሪውን ስም በእጃችሁ ሸፍናችሁ ንግግሩን ብቻ አንብቡ፤ ማን እያወራ እንደሆነ ብዙውን ጊዜ ታውቃላችሁ። ለጀማሪ ተዋናይ ከዚህ የበለጠ አስተማሪ የለም። ድምፅ ፈጥሮ መምጣት አያስፈልገውም። ድምፁ ተጽፎ ተቀምጧል።

ቀጥላችሁ "ጠልፎ በኪሴ"ን አንብቡ። የተማሩ የከተማ ወጣቶች ለጓደኛቸው ሚስት በጠለፋ ሊያመጡ ያቅዳሉ። በጣም ያስቃል። ግን ዛሬ ካዘጋጃችሁት ሳቁ ማን ላይ እንደሚያርፍ አስቡበት። ጠለፋ ብዙ ሴት ልጆችን ከትምህርት ገበታ ያስቀረ፣ ሕይወታቸውን ያበላሸ ነገር ነው። አዳራሹ ውስጥ ከተቀመጡት አንዷ እህቷ የተጠለፈችባት ልትሆን ትችላለች። ሳቁ በወንዶቹ ዕቅድና በአወቅን ባይነታቸው ላይ ይረፍ። በልጅቷ ጩኸት ላይ የሚያስቅ አዘጋጅ ተውኔቱን አልገባውም ማለት ነው።

ተውኔት ሳነብ ይደብረኛል። ስም፣ ሁለት ነጥብ፣ ንግግር። ችግሩ የኔ ነው?

ችግሩ ብቻህን ዝም ብለህ ማንበብህ ነው።

አንድ ምሽት ስድስት ሆነን አንድ ተውኔት ልናነብ ተሰበሰብን። አንድ ቴርሞስ ሻይ አለ። ሁለት ፎቶ ኮፒ አለ። ለሦስት ለሦስት አንገታችንን አስግገን እናነባለን። መሀል ላይ "ዝም ትላለች" የሚል መመሪያ በቅንፍ ተጽፏል። የእናትየውን ክፍል የያዘችው ልጅ ዘለለችውና ወደሚቀጥለው መስመር ሄደች። "መልሺው" አልናት። መለሰችው። ዝም አለች። እኛም ዝም አልን። ውጭ ውሻ ይጮሃል። ሻዩ እየቀዘቀዘ ነው። ከዚያ አጠገቤ ያለው ልጅ ቀስ ብሎ "እንዴ፣ እያለቀሰች ነው እኮ" አለ። ገጹ ላይ ለቅሶ የሚል ቃል የለም። ዝምታው ውስጥ ነበረ።

እኔ ያንን ተውኔት ለብቻዬ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ያቺን ቅንፍ አላየኋትም።

ስለዚህ ሦስት አራት ሰው ፈልጉ። ጎበዝ አንባቢ መሆን የለባቸውም። ክፍል ተከፋፈሉ፣ አንድ ሰው ደግሞ የቅንፉን መመሪያ ብቻ ያንብብ። ይሄ የመጨረሻው በጣም ያስፈልጋል። በተለይ "ይገባል"፣ "ይወጣል" የሚሉትን ካልሰማችሁ መድረኩ ላይ ስንት ሰው እንዳለ ይጠፋችኋል። መጀመሪያ ቀን እንተውን አትበሉ። አንብቡ ብቻ። ጥሩ ንግግር ራሱ ጎትቶ ያስተውናችኋል።

አዳዲስ ተውኔቶችስ? ሁሌ የድሮውን ነው የምትጠቁሙን።

እውነት ነው፤ ወቀሳውን እቀበላለሁ። ግን ምክንያት አለው። የድሮዎቹ ታትመዋል። አዲሶቹ በብዛት አልታተሙም። አንድ ተውኔት በብሔራዊ ቲያትር ወይም በሀገር ፍቅር ለወራት ይታያል፣ ሰው ይሰለፋል፣ ከዚያ ይወርዳል። ሲወርድ ጽሑፉም አብሮ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚያስታውሰው ተዋናዩና ያየው ሰው ብቻ ነው። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

ቢሆንም እንድትከታተሏቸው የምፈልጋቸው አሉ።

መጀመሪያ "እያዩ ፈንገስ"። በረከት በላይነህ ጽፎት ግሩም ዘነበ ብቻውን የተወነው ነው። "ፌስታሌን" በሚለው ክፍል ሰው እብድ የሚለው እያዩ ፌስታሉን ይዞ መድረክ ላይ ይቆማል፣ ስለ ሀገር፣ ስለ ኑሮ፣ ስለ እኛ ያወራል። አንድ ሰው፣ አንድ ፌስታል፣ ሙሉ አዳራሽ። ከሀገር ውጭም እየዞረ ታይቷል። ለእኔ ትልቁ ትምህርት ተመልካቹ ንግግር ለመስማት ብቻ ብሎ መምጣቱ ነው። ጭፈራም፣ ውድ የመድረክ ዝግጅትም አላስፈለገውም። የአማርኛ ጨዋታ ካማረ ሕዝቡ ይቀመጣል።

ከዚያ የጌትነት እንየው "እቴጌ ጣይቱ"። የታሪክ ተውኔት ለመጻፍ የሚያስብ ሰው ይሄን ያጥናው። የታሪክ ተውኔታችን አንድ ደዌ አለበት፤ ሁሉም ገጸ ባሕርይ አዋጅ የሚያነብ ይመስላል። ንጉሡ ለሚስቱ እንኳን በአዋጅ ቋንቋ ነው የሚናገረው። እዚህ ግን ጣይቱ ሰው ናት። ትቆጣለች፣ ታስባለች፣ ትዶልታለች።

"የቃቄ ወርድወት"ም እንዳያመልጣችሁ። የጉራጌዋ ወርድወት የሴቶችን የጋብቻና የፍቺ መብት በአደባባይ የጠየቀች ናት፤ ዘመኑ 19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በብሔራዊ ቲያትር መድረክ ላይ ወጥታ ብዙ ሰው አወቃት። ከዚያ በፊት ስሟን ያልሰማ የአዲስ አበባ ልጅ ብዙ ነበር።

መዓዛ ወርቁን ደግሞ ተከታተሉ። አንድ ተውኔቷ በእንግሊዝኛ እ.ኤ.አ. በ2019 በአፍሪካ ሴቶች ዘመናዊ ተውኔቶች መድብል ውስጥ ታትሟል። ትዳርን፣ ፍቺን፣ ከግድግዳ ወዲያ ያለ ጎረቤትን በቅርበት የምታይ ጸሐፊ ናት። የናይሮቢና የኬፕታውን ተማሪ ሊያነባት ይችላል። እኛ ጋ ለማንበብ መድብሉን ከውጭ ማስመጣት ሊያስፈልግ ነው።

ያልታተመውን ጽሑፍ ከየት አገኛለሁ?

ከጸሐፊው። ሌላ አቋራጭ የለም።

ቲያትሩን ሄዳችሁ እዩ። ሲያልቅ አትቸኩሉ፣ ቆዩ። የቲያትር ሰው ተደራሽ ነው፤ ከመድረክ ጀርባ ወይም በር ላይ ታገኙታላችሁ። "ጽሑፉን ለንባብ ብቻ ብንጠይቅ?" በሉ። ብዙዎቹ ሰው ሊያነብላቸው መፈለጉ ራሱ ያስደስታቸዋል። የተሰጣችሁን ኮፒ ግን ለሌላ አታስተላልፉ፤ በቴሌግራም የተበተነ ጽሑፍ ማለት ያለቀለት ጽሑፍ ማለት ነው። ጸሐፊው ሁለተኛ ለማንም አይሰጥም።

ሌላው ምንጭ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቲያትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ነው። ተማሪዎች ለመመረቂያ ተውኔት ይጽፋሉ፣ ያዘጋጃሉ። አንዳንዱ ጥሬ ነው። አንዳንዱ ደግሞ በትልልቆቹ ቲያትር ቤቶች ከምናየው የበለጠ ድፍረት አለው።

ለታተሙት ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ማለትም ወመዘክር፣ ጥሩ ነው። አሮጌ መጽሐፍ ሻጮችንም ጠይቁ። "ልብ ወለድ" ካላችሁ ልብ ወለዱን ብቻ ነው የሚያሳዩአችሁ፤ "ተውኔት፣ ቲያትር፣ ቀጭን ቀጭን መጽሐፍ" በሉ። የድሮ የተውኔት መጻሕፍት ቀጫጭን ስለሆኑ ከትልልቆቹ ሥር ተደብቀው ይቀራሉ።

የጸጋዬን ማዘጋጀት ይከብዳል ይባላል። እንሞክር?

ይከብዳል። ሞክሩ።

የጸጋዬ ገብረ መድኅን ክብደት ከአማርኛው ይመጣል። ከግዕዙም፣ ከኦሮምኛውም፣ ከገጠሩም ከከተማውም ቃል ያመጣል፣ አንዳንዴ ራሱ ይፈጥራል። በስሙ "የጸጋዬ ቤት" የሚባል የግጥም ምት እስከመኖር ደርሷል። ያ ምት ለትንፋሽ ይከብዳል። ያልለመደ ተዋናይ መስመሩ ሳያልቅ አየር ያልቅበታል። ያልቅብኛል ብሎ ሲፈራ ደግሞ ይጮሃል። በየትምህርት ቤቱ የምናየው ጩኸት የበዛበት ጸጋዬ ከዚህ ይመጣል። ችግሩ ሳንባ ነው።

መፍትሔው እንዲህ ነው። ጽሑፉን ያዙና በእርሳስ የሚተነፈስበትን ቦታ አስምሩ። መጀመሪያ በሹክሹክታ አንብቡት። አዎ፣ በሹክሹክታ። ትርጉሙ የገባችሁ መስመርና ያልገባችሁ መስመር ያኔ ይለያል። ያልገባችሁን አቁማችሁ ተነጋገሩበት። ቃሉን ሳያውቅ የሚናገር ተዋናይ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ድምፅ ማውጣት በሁለተኛው ሳምንት ይደርሳል።

የምመክረው መግቢያ "ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት" ነው። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጣሊያን አዲስ አበባ ላይ ተረሸኑ። ጸጋዬ የወሰደው ያቺን የመጨረሻ ሰዓት ነው። ሐውልታቸውን በየቀኑ እያየ የሚያልፍ የፒያሳ ልጅ ከመጫወቱ በፊት ሄዶ ፊት ለፊት ይቁም፤ እጃቸው መታሰሩን ይይ። አንድ የማውቀው ልጅ እጁን በገመድ አስሮ ተለማመደ። ከዚያ በፊት እጁን እያወናጨፈ ነበር የሚያነበው። እጁ ሲታሰር ድምፁ ወረደ፣ ትከሻው ወረደ፣ ቃሉ ብቻ ቀረ። እኛ ቁጭ ብለን የምናዳምጠው ሰዎች መተያየት አቃተን።

በዚሁ ጉዳይ ላይ መኰንን እንዳልካቸው ቀደም ብለው "የደም ድምፅ"ን ጽፈዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አንብቡ። አንድ ሰማዕት፣ ሁለት ዘመን፣ ሁለት ዓይነት አማርኛ ታያላችሁ።

ብዙ ተዋናይ ካላችሁና ቢያንስ ሦስት ወር ጊዜ ካላችሁ "የከርሞ ሰው" አለ፤ የአዲስ አበባ ድሃ ኑሮ ውስጥ ያስገባችኋል። "ሀሁ በስድስት ወር"ን ለልምድ ያላቸው ተዉት።

የመጀመሪያው ተውኔታችን "ፋቡላ" ዛሬ ይሠራል?

ለልጆች በጣም ይሠራል። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ ተምረው የመጡ ሰው ናቸው። ተውኔቱን "የአውሬዎች ኮሜዲያ" አሉት። እንስሳት እያወሩ የሹማምንትን ጥፋት ያሳያሉ። አዲስ አበባ ውስጥ በሆቴል አዳራሽ ለመኳንንት ታየ፣ መኳንንቱ ራሳቸውን አዩበት፣ ታገደ። በተረት የለመደ ልጅ ወዲያው ይገባዋል። ጭንብሉን ከካርቶን ልጆቹ ራሳቸው ይሥሩት።

የአማርኛ ተመልካች ከኮሜዲ ሌላ አያይም ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። ኮሜዲ ይወዳል፣ እሱ ልክ ነው። የውድነህ ክፍሌ "ባቢሎን በሳሎን" ለዓመታት ተመልካች ሳያጣ ታይቷል። ግን "ሕዝቡ ሳቅ ነው የሚፈልገው" የሚለው ወሬ ሰነፍ ጸሐፊ የሚደበቅበት ጥላ ነው። ጸጋዬ ኮሜዲ አልጻፈም ማለት ይቻላል፣ አዳራሽ ግን ይሞላ ነበር። ሕዝቡ የማይፈልገው መደበርን ነው። ሐዘኑም ሳቁም ሰው ሰው ከሸተተ ይቀመጣል።

ለሴቶች ጥሩ ክፍል ያለው ተውኔት አጣን። ክበባችን ውስጥ አሥር ሴቶች፣ ሦስት ወንዶች ናቸው።

ይሄ የሁሉም ክበብ ችግር ነው። የድሮ ተውኔቶች ውስጥ ሴት እናት ናት፣ ሙሽራ ናት፣ ሠራተኛ ናት፤ ሁለት መስመር ተናግራ ቡና ታቀርባለች።

ከላይ ያልኳቸውን "የቃቄ ወርድወት"ንና "እቴጌ ጣይቱ"ን አስቡ። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ስንዱ ገብሩን ፈልጉ። ስንዱ አርበኛ፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት፣ በኋላም የመጀመሪያዋ የሴት የፓርላማ አባል ነበረች። ለተማሪዎቿ ተውኔት እየጻፈች ታሳያቸው ነበር። "የልቤ መጽሐፍ" በሚለው ሥራዋ ውስጥ ግጥምና ተውኔት አለ። የሴቶች ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ለሴት ልጆች የተጻፈ ተውኔት ነበረን። እኛ ረስተነው ነው።

ሌላም አለ። የወንድን ክፍል ለሴት ስጡ። ሽማግሌውን ሴት ትጫወተው። ጋቢ ትደርብ፣ ከዘራ ትያዝ። ተመልካቹ ሁለት ደቂቃ ይስቃል፣ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ይረሳዋል።

የትርጉም ተውኔት ብናዘጋጅስ?

ጥሩ ነው፤ የጸጋዬን "ሐምሌት" ወይም "ኦቴሎ" ያላነበበ ሰው አማርኛ ምን ያህል መሸከም እንደሚችል አያውቅም። ለእኔ ግን የሚበልጥብኝ "እናት ዓለም ጠኑ" ነው። መነሻው የጀርመናዊው ብሬሽት ሥራ ነው፤ በጦርነት መሀል እየነገደች ልጆቿን የምታጣ እናት ታሪክ። ጸጋዬ ሀገር ቤት አምጥቶ አስቀመጣት። ባለፉት ዓመታት ካየነው በኋላ ይህን ተውኔት ማንበብ ለእኔ እንደ ድሮው አልሆነም። ለዘንድሮ አንድ ብቻ አዘጋጁ ብትሉኝ ይሄን እላለሁ። ሲነበብ ግን ሰው መሀል ላይ ቢነሳ፣ ቢወጣ፣ ተዉት። ምክንያት ይኖረዋል።

ፈቃድ ያስፈልገናል? ትኬት አንሸጥም እኮ።

ያስፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የጸሐፊው መብት በሕይወት እያለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። መንግሥቱ ለማ ያረፈው በ1980 ዓ.ም. ነው፤ እስከ 2030 ድረስ መብቱ የወራሾቹ ነው። ጸጋዬ በ1998 ዓ.ም. ነው፤ እስከ 2048። ዮፍታሔ ንጉሤ ግን በ1939 ዓ.ም. ስላረፈ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፤ ተውኔቱን "አፋጀሽኝ"ን ከዚህ አንጻር በነፃነት ማዘጋጀት ትችላላችሁ። ተርጓሚም የራሱ መብት አለው። ሼክስፒር የሁሉም ነው፣ የጸጋዬ "ሐምሌት" ግን የሁሉም አይደለም።

በዚህ ነገር ላይ ስሜታዊ ነኝ፤ ምክንያቴን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት አንዲት አጭር ተውኔት ጽፌ ለአንድ ክበብ ለንባብ ሰጠሁ። ከወራት በኋላ በአንድ በዓል ላይ ተጋብዤ ስቀመጥ መጋረጃው ሲከፈት የራሴን የመጀመሪያ መስመር ሰማሁ። መጨረሻው ተቀይሯል። የምትሄደዋ ልጅ ትቀራለች፣ ሠርግ ይሆናል፣ እልልታ ነው። ፕሮግራሙ ላይ "በክበቡ አባላት የተደረሰ" ይላል። አጨበጨብኩ። ምን ላድርግ? ተዋናዮቹ ልጆች ናቸው፣ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ግን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የቀረችው ልጅ ነበረች የምታስጨንቀኝ። እንድትሄድ ነበር የጻፍኳት።

ደብዳቤ ጻፉ፣ ወይም ደውሉ። ጸሐፊው ካለፈ ቤተሰቡን ጠይቁ። ለትምህርት ቤት የሚከለክል አላጋጠመኝም። ስሙን ፖስተሩ ላይ ከአዘጋጁ ስም በላይ አድርጉት።

ረጅም ነው፣ ብንቆርጠውስ?

ከባለቤቱ ጋር ተነጋግራችሁ ቁረጡ። ስትቆርጡ ቀልዱን ሳይሆን ማብራሪያውን ቁረጡ። "እንደምታውቀው ወንድሜ ሆይ..." ብሎ የሚጀምር ንግግር ካለ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው።

ገንዘብም፣ መብራትም፣ አዳራሽም የለንም።

አግዳሚ ወንበር አላችሁ? ነጠላ አላችሁ? ይበቃል። ቀን ላይ በግቢ ውስጥ አሳዩ፣ መብራት አያስፈልግም። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ መድረክ ላይ እውነተኛ ከሰል አታቀጣጥሉ። እኛ አንዴ ቡና በእውነት ይፈላ ብለን ከሰል ለኮስን። ጠባብ ክፍል ነበር። በሁለተኛው ትዕይንት ላይ ከፊት ያሉት ሁሉ ይስላሉ፣ የአባትየውን ኑዛዜ ማንም አልሰማውም። ባዶ ጀበናና ባዶ ሲኒ በቂ ነው። ተዋናይዋ እፍ ብላ ከቀመሰች ተመልካቹ ይሸተዋል።

የምንኖረው ውጭ ሀገር ነው። ልጆቻችን አማርኛ ይሰማሉ፣ ፊደል ግን አያነቡም። ምን ይሻለናል?

እንዲያውም ለእናንተ ተውኔት ከሁሉም ይሻላል። ልጁ "አማርኛ ተማር" ሲባል ይሸሻል። "ክፍል አለህ፣ ቅዳሜ ልምምድ ነው" ሲባል ይመጣል።

እንዲህ አድርጉ። አያት ወይም እናት ክፍሉን በስልክ ቀድተው ይስጡት። ልጁ እየሰማ ይሸምድደው። የእንግሊዝኛ ፊደል ላይ የተጻፈ አማርኛ ለመጀመሪያው ወር ይጠቅማል፤ ከዚያ በኋላ ግን "ጠ"ንና "ተ"ን፣ "ቀ"ንና "ከ"ን ያደባልቅበታል። በጆሮ ይማር። እንዲያው አያቱ ራሳቸው ተዋናይ ቢሆኑስ? አንድ ትዕይንት ላይ ቁጭ ብለው ልጁን የሚቆጡ አያት። ልምምድ አያስፈልጋቸውም።

ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ አንጋፋዋ ተዋናይትና ጸሐፊ ዓለምፀሐይ ወዳጆ የመሠረተችውን የጣይቱ የባህልና የትምህርት ማዕከል ታውቁታላችሁ። የግጥም ምሽትና ቲያትር ያዘጋጃሉ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በሌላ ከተማ ያላችሁ ከሳሎን ጀምሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ተውኔት አትያዙ። ከ"ያላቻ ጋብቻ" አንድ ትዕይንት ወስዳችሁ በበዓል ቀን አሳዩ። ልጆቹ "አቻ" ምን ማለት እንደሆነ ይጠይቃሉ። መልሱላቸው፤ እንዲያውም ቤታችሁ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንዳልተፈቀደለት ንገሯቸው። እዚያ ላይ ነው ተውኔቱ የሚጀምረው።

እኔም ጽፌያለሁ። ታነብልኛለህ?

አነባለሁ። ግን ለእኔ ከመላክህ በፊት አራት ሰው ሰብስበህ እነሱ ጮክ ብለው ያንብቡት። አንተ አታንብብ፣ አታስረዳ፣ "እዚህ ጋ ማለት የፈለግኩት" አትበል። እርሳስ ይዘህ ጥግ ላይ ተቀመጥ። አንባቢው የተደናቀፈበትን አስምር፤ ምላስ ላይ የማይመች መስመር ነው። የሳቁበትን አስምር፣ በተለይ ልታስቅ ያላሰብክበትን። አንዱ ስልኩን ያየበትን ገጽ ቁጥር ጻፍ። እነዚያን አስተካክል።

ከዚያ ላክልኝ። ባለገጽ ቁጥር አድርገህ፣ የገጸ ባሕርያቱን ስምና ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ጽፈህ። ቅዳሜ ማታ እናነባለን። ሻይ አለ።